የኔድ ኬሊ ተረት እና ደመ ከልብ የቀሩት

በአማርኛ «ደመ ከልብ» የሚባል ከባድ ቃል አለን። ደሙ ፈስሶ ጠያቂ ያጣ ሰው ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ ይባላል። የዛሬዪቱ አውስትራሊያ ደቡብ ምሥራቃዊ ክፍል የሆነችውና በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት የነበረችው ቪክቶሪያ በ1878 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይህንኑ ቃል ሕግ አድርጋ አወጀችው። ኔድ ኬሊ የተባለው ሽፍታ፣ ታናሽ ወንድሙ ዳንና ሁለት ግብረ አበሮቻቸው ከሕግ ጥላ ውጭ ተደረጉ፤ ታጥቀው ያገኛቸው ማንም ሰው ተኩሶ ቢጥላቸው እንዳይጠየቅ ተደነገገ።

ዛሬ ኔድ ኬሊ ደመ ከልብ አይደለም። ሠዓሊው ሲድኒ ኖላን በ1946 እና በ1947 ከማረሻ ብረት የተሠራውን የራስ ቁሩን ጥቁር አራት ማዕዘን አድርጎ ሥሎ ለዓለም አስተዋውቆታል። ሚክ ጃገር በ1970፣ ሂዝ ሌጀር በ2003 በፊልም ሆነውታል። ደራሲው ፒተር ኬሪ በእርሱ አንደበት በጻፈው ልቦለድ በ2001 የቡከርን ሽልማት ተቀብሏል። ጠያቂ አጥተው የቀሩት ሌሎች ናቸው፤ እርሱና ጓደኞቹ የገደሏቸው፣ ሊገድሏቸው ያደቡባቸውና ለጥይት ያጋለጧቸው ሰዎች። የዚህ ጽሑፍ ሙግት አጭር ነው፦ መንግሥት በኬሊ ቤተሰብ ላይ ግፍ መፈጸሙ እውነት ነው፤ ያ እውነት ግን ኬሊ በሌሎች ላይ የፈጸመውን ግፍ ማጠቢያ ሊሆን አይገባውም።

«ስለ ሩቅ አገር ሽፍታ አንተን ምን አገባህ?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። የሚያገባኝ የተማረው ወገናችን ለዚህ ዓይነቱ ተረት ያለው ፍቅር ስለሚያሳስበኝ ነው። በእኛ ጨዋታ «ተበደለና ዱር ገባ» ከተባለ በኋላ ያለው ታሪክ አይመረመርም። ዱር ገብቶ ምን ሠራ? ማንን ገደለ? የማንን ከብት ነዳ? ጥያቄውን ማንሣት ራሱ ለገዢ እንደ ማደር ይቆጠራል። የራሳችንን ሽፍቶች ስናነሣ ወገንና ጎሣ፣ ቂምና ዝምድና ዓይናችንን ይጋርዱታል። የኬሊ ታሪክ ግን ዘመዳችንም ባላንጣችንም ስላልሆነ በረጋ ልብና ያለ ወገንተኝነት ልንመዝነው እንችላለን።

አስቀድሜ ለኬሊ ወገኖች የሚገባቸውን ፍርድ ልስጥ። አባቱ ጆን ኬሊ አየርላንድ ውስጥ በቲፐሬሪ ሁለት አሳማ ሰርቀሃል ተብሎ በ1841 ወደ ዛሬዪቱ ታስማኒያ የተጋዘ ድኻ ነበር። የግዞት ዘመኑን ፈጽሞ ወደ ቪክቶሪያ ተሻገረ፤ ትዳር ይዞ ልጆች ከወለደ በኋላ በ1866፣ ኔድ ገና ልጅ ሳለ፣ ሞተ። በ1860ዎቹ የወጡት የመሬት ሕጎች ድኻ ሰፋሪዎች አነስተኛ ማሳ እንዲይዙ ቢፈቅዱም፣ ለሙንና ውሃ ገቡን መሬት ቀድመው የያዙት ባለ ብዙ መንጋ ከበርቴዎች ነበሩ። ፖሊሱ ለከበርቴው ያደላ ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም። ሚያዝያ 1878 ኮንስታብል አሌክሳንደር ፊትዝፓትሪክ ዳን ኬሊን በፈረስ ስርቆት ለመያዝ ወደ ቤታቸው ሄዶ ኔድ ተኩሶ አቆሰለኝ አለ። በዚህ ሰው ቃል እናቲቱ ኤለን ኬሊ ሕፃን እንደታቀፈች ሦስት ዓመት ተፈረደባት። ፊትዝፓትሪክ ራሱ በ1880 ከፖሊስነት ተባረረ። በ1879 መጀመሪያ ደግሞ ከሃያ የሚበልጡ ሰዎች «የሽፍቶቹ ደጋፊዎች ናችሁ» ተብለው ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ሳይላቸው ለወራት ታስረዋል። ይህ ሁሉ ግፍ ነው። ማንም እንዲያስተባብለው አልፈልግም።

ተረቱ እዚህ ላይ ቆሞ ወደ ጥሩሩና ወደ መሰቀያው ገመድ ይዘላል። በመካከሉ ያለውን እንየው።

ጥቅምት 26 ቀን 1878 አራት ፖሊሶች ሽፍቶቹን ፍለጋ ስትሪንጊባርክ ክሪክ በተባለ ጫካ ሰፍረው ነበር። ሁለቱ ለቅኝት ወጡ፤ ቶማስ ሎኒጋንና ቶማስ ማኪንታየር በሰፈሩ ቀሩ። ኬሊና ጓደኞቹ ከበቧቸውና እጅ ስጡ አሏቸው። ማኪንታየር እጁን አነሣ፤ ሎኒጋን ተመትቶ ወደቀ። ከቅኝት የተመለሱት ማይክል ስካንላንና ሳጅን ማይክል ኬኔዲም አልተረፉም። ኬኔዲ እየተታኮሰ ወደ ጫካው ካፈገፈገ በኋላ ቆሰለ፤ በመጨረሻም ኬሊ መሬት ላይ ወድቆ ሳለ በቅርብ ርቀት ተኩሶ ገደለው። ለምሕረት ብዬ ነው አለ። ከምሕረቱ በኋላ ግን የሟቹን የወርቅ ሰዓት ይዞ ሄደ። በፈረስ ያመለጠው ማኪንታየር በሕይወት ባይተርፍ ኖሮ የዚያን ቀን ታሪክ ከገዳዮቹ አፍ ብቻ ነበር የምንሰማው።

የኬሊ ጠበቆች «ፖሊሶቹ ሊገድሉት እንጂ ሊይዙት አልመጡም፤ ራሱን ተከላከለ» ይላሉ። ፖሊሶቹ በእርግጥ በቂ መሣሪያ ታጥቀው፣ የሲቪል ልብስ ለብሰው ነበር። ነገር ግን ሰፈር ድረስ ሄዶ ያደባው ማን ነው? ጫካው ሰፊ ነበር። መሸሽ ይቻል ነበር። ራስን መከላከል የሚለው ቃል እንዲህ ከሰፋ ማንኛውም አድፋጭ ራሱን ተከላካይ ነው።

«የአየርላንድ ልጅ በእንግሊዝ ጭቆና ላይ ተነሣ» የሚለው ሌላው መከራከሪያ ነው። ይህን የሚሉት የሟቾቹን የትውልድ አገር ጠይቀው አያውቁም። ሎኒጋን፣ ስካንላንና ኬኔዲ ሦስቱም አየርላንድ የተወለዱ ናቸው። እንደ ኬሊ አባት ከዚያው ረሀብ ካጠቃት ደሴት ወጥተው እንጀራ ፍለጋ ባሕር የተሻገሩ፣ ሎኒጋንና ኬኔዲም ሚስትና ልጆች የነበሯቸው ድኾች ነበሩ። ስለዚህ በስትሪንጊባርክ የሆነው የድኻ ልጅ በድኻ ልጅ ላይ መተኮሱ ነው። በማንስፊልድ ከተማ መታሰቢያ አላቸው፤ ስማቸውን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ግን ከተወላጆቹ በስተቀር ስንት ይሆናል? የኬሊን ስም ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል።

ከዚያ ወዲህ ሽፍቶቹ በታኅሣሥ 1878 የዩሮዋን፣ በየካቲት 1879 የጄሪልዴሪን ባንኮች ዘረፉ። በጄሪልዴሪ የዕዳ ሰነዶችን አቃጥለዋል፤ ይህ በድኾች ዘንድ ስም አትርፎላቸዋል። ነገር ግን ታሪክ ጸሐፊው ዳግ ሞሪሲ እንደሚሞግተው የኬሊ የፈረስ ስርቆት ከበርቴውን ብቻ ሳይሆን አነስተኛውን ገበሬም ጎድቷል። ፈረሱን ያጣ ገበሬ ማረሻውን የሚጎትትለት ማነው? ሞፈርና ቀንበር የሚያውቅ ሕዝብ ልጅ ይህን ጥያቄ ሊዘነጋው አይገባም።

ኬሊ እየተናገረ ጆ በርን የጻፈው ስምንት ሺሕ ቃል ያህል ያለው የጄሪልዴሪ ደብዳቤ ዛሬ እንደ ነፃነት ሰነድ ይነበባል። «በሰሜን ምሥራቅ ቪክቶሪያ ሪፐብሊክ ሊያቆም ነበር» የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። የዚህ ሪፐብሊክ አዋጅ የት አለ? እስከ ዛሬ ማንም ወረቀቱን አላመጣም፤ በ2018 ስቱዋርት ዳውሰን ባሳተመው ጥናት ጉዳዩን ከሥር መሠረቱ መርምሮ ተረት መሆኑን አሳይቷል። በደብዳቤው ውስጥም «ሪፐብሊክ» የሚል ቃል የለም። ያለው የበቀል ዛቻ ነው። ባለጠጎች ለመበለቶችና ለወላጅ አልባ ልጆች እንዲያዋጡ ያዝዛል፤ እሰየው። ፖሊስን የሚረዳ ሰው ግን ሆዱ ተቀዶ ጉንዳን ጉድጓድ ላይ እንደሚቸነከር፣ ስቡ ቀልጦ በጉሮሮው እንደሚፈስስበት ይዝታል። ሪፐብሊክ የሚመሠርት ሰው ዜጎቹን በዚህ ቋንቋ አያነጋግርም። ይህ የምሬት ቋንቋ ነው፤ ምሬትም ሲገነፍል መጀመሪያ የሚያቃጥለው ጎረቤትን ነው።

ጎረቤቱም ተቃጠለ። አሮን ሼሪት የጆ በርን የልጅነት ጓደኛ ነበር። ከፖሊስ ጋር ይሠራል ብለው ስለጠረጠሩት ሰኔ 26 ቀን 1880 አንድ ጎረቤቱን በካቴና አስረው በሩን እንዲያንኳኳ አደረጉት፤ ሼሪት ብቅ ሲል በርን ተኩሶ ገደለው። ሚስቱ ቤት ውስጥ ነበረች። ሼሪትን እንዲጠብቁ የተመደቡት አራት ፖሊሶች እዚያው ቤት ተደብቀው እስኪነጋ አልወጡም፤ ፖሊሱን ላመሰግን እንዳልተነሣሁ ከዚህ እንዲታወቅልኝ። የግድያው ዓላማ ግን የአንድ ከዳተኛ ቅጣት ብቻ አልነበረም። የወሬው መድረስ ፖሊስ የጫነ ባቡር ከሜልቦርን እንዲያስነሣ ታስቦ ነው። ሽፍቶቹ ግሌንሮዋን በተባለች መንደር አለፍ ብሎ መስመሩ በሚታጠፍበት ቁልቁለት ላይ ሐዲዱን አስነቀሉ።

በዚያ ባቡር ፖሊሶች ብቻ አልነበሩም። ጋዜጠኞች ነበሩ፤ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ ከኩዊንስላንድ የመጡ አምስት የአገሩ ነባር ተወላጆች፣ ዱካ ፈላጊዎች፣ ነበሩ። ሾፌሩና እሳት አንዳጁ ነበሩ። ባቡሩ ገደል ቢገባ ኖሮ ዛሬ ኔድ ኬሊን የምናነሣው ምናልባት ከአሸባሪዎች መዝገብ ነበር። ከዚህ ያዳነው የመንደሩ መምህር ቶማስ ከርኖ ነው። ከርኖ ከሌሎች ስድሳ ከሚያህሉ የመንደሩ ሰዎችና መንገደኞች ጋር ታግቶ ሳለ ኬሊን አግባብቶ ወደ ቤቱ እንዲሄድ ተፈቀደለት፤ ከዚያም ሻማና ቀይ ሻርፕ ይዞ በሐዲዱ ላይ ወጥቶ ባቡሩን አስቆመ። ይህ ሰው ከዚያ በኋላ ለሕይወቱ ስለፈራ ከመንደሩ ለቆ ሌላ ቦታ ማስተማር ግድ ሆነበት። ጀግና ፍለጋ የሚንከራተት ሕዝብ መሣሪያ ያልያዘውን አንድ መምህር አልፎ ማረሻ ብረት የለበሰውን መረጠ።

ከበባው ሲጀመር ታጋቾቹ በአን ጆንስ ማደሪያ ቤት ነበሩ። ፖሊስ ቤቱን በጥይት አበራየው። የባለቤቲቱ ልጅ፣ ገና ብላቴና የነበረው ጆን ጆንስ፣ እና ሽማግሌው ማርቲን ቼሪ በፖሊስ ጥይት ቆስለው ሞቱ። ቤቱም በፖሊስ እጅ ነዶ አመድ ሆነ። «ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው» ይላል ያገሬ ሰው። ጥይቱን የተኮሰው ፖሊስ ነው፤ ተጠያቂነቱ ከፖሊስ አይወርድም። ሕፃናትና ሽማግሎች የታጨቁበትን ቤት የጦር ሜዳ እንዲሆን የመረጠውስ ማን ነው? አርባ ኪሎ የሚያልፍ ጥሩር የለበሱት አራቱ ሽፍቶች እንጂ የአን ጆንስ ልጅ ጥሩር አልነበረውም።

አሁን ደግሞ ወደ መሬቱ እንመለስ፤ ምክንያቱም ተረቱ የሚጀምረው «መሬት ለተነፈገው ድኻ» ነው። መሬቱ የማን ነበር? የኬሊ ቤተሰብና ከበርቴው የተጣሉበት አገር ከሃምሳ ዓመት ብዙም በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ከነባር ሕዝቦች የተነጠቀ ነው። በዘራፊዎች መካከል በድርሻ የተነሣ ጠብን የነፃነት ትግል ብሎ መጥራት የመጀመሪያውን ባለቤት ሁለተኛ ጊዜ መዝረፍ ነው። በዱካ ፈላጊዎቹ ላይ የደረሰውን ልብ በሉ፦ ለኬሊ መያዝ ከተመደበው ሽልማት ለእያንዳንዳቸው ሃምሳ ፓውንድ ይገባል ተባለ፣ ነገር ግን ገንዘብ መያዝ አይችሉም በሚል ሰበብ በእጃቸው እንዳይሰጥ ተወሰነ። በ1994 ተወላጆቻቸው ጥያቄውን እንደገና እስኪያነሡ ድረስ ማን አስታወሳቸው?

ተረቱ ከሁሉ አብልጦ የሚጠላው ዳኛ ሬድሞንድ ባሪን ነው። በእናቲቱ ላይ የፈረደው፣ በ1880 በልጁ ላይ የሞት ፍርድ ያሳለፈው እርሱ ነው። ኬሊ ኅዳር 11 ቀን ተሰቀለ፤ ባሪ በ12ኛው ቀን ታሞ ሞተ፤ ሰዎችም የእግዜር ፍርድ ነው አሉ። ይኸው ሰው ግን በወጣትነቱ ተናርሚናርዌትና ማውልቦይሂነር የተባሉ ሁለት የታስማኒያ ነባር ተወላጆች ጠበቃ ሆኖ ቆሟል። ሁለቱ ሁለት ዓሣ ነባሪ አዳኞችን በመግደል ተከስሰው ጥር 20 ቀን 1842 ተሰቀሉ፤ በሜልቦርን ሕዝብ ፊት የተፈጸመው የመጀመሪያው ስቅላት ያ ነው። እነርሱም ሰው ገድለዋል፤ በእነርሱም ላይ ተረት ልሠራላቸው አልሻም። ነገር ግን አገሩን የተነጠቀ ሕዝብ ልጆች ነበሩ፤ ከኬሊ ይልቅ «ቅኝ ገዢን ተዋጉ» ለመባል የሚበቃ ምክንያት ነበራቸው። በተሰቀሉበት ስፍራ አጠገብ መታሰቢያ የቆመላቸው በ2016 ነው፤ ከ174 ዓመት በኋላ። የሽፍታ ፍቅር የፍትሕ ፍቅር ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልዘገየ ነበር።

የታሪክ ምሁሩ ኤሪክ ሆብስባም በ1969 ባሳተመው የሽፍቶች መጽሐፍ «ማኅበራዊ ሽፍታ» የሚለውን ሐሳብ አስፋፍቷል፤ ገበሬው እንደ ልጁ የሚያየው፣ ጌታው እንደ ወንጀለኛ የሚያሳድደው ማለት ነው። እኛም ይህን ሐሳብ ወደድነው፤ የምናውቀው መሰለን። በ1855 ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ የነገሠው ካሣ ኃይሉ ከዙፋኑ በፊት የቋራ ሽፍታ አልነበረምን? ከ1936 እስከ 1941 የጣሊያን ወራሪ አርበኞቻችንን «ሽፍታ» እያለ አልሰቀላቸውምን? አዎን። ገዢ የሚሰጠው ስም እውነትን እንደማይወስን ከዚያ ተምረናል። ትምህርቱ ግን ሁለት አፍ ያለው ነው፤ ገዢ ወንበዴ ያለው ሁሉ ወንበዴ አይደለም፣ ገዢ ወንበዴ ያለው ሁሉም አርበኛ አይደለም። አንቶን ብሎክ በ1972 ለሆብስባም የሰጠው መልስም ይህንኑ ያስታውሳል፦ ሽፍታ ብዙ ጊዜ ከኃያላን ጋር ተስማምቶ የሚኖረው ገበሬውን በማስፈራራት ነው። መለኪያው ሽፍታው በጉልበተኛው ላይ የፎከረው ፉከራ ሳይሆን ከእርሱ በታች ላለው ያሳየው ጠባይ ሊሆን ይገባል።

«ተረቱ ቢያንስ መንግሥትን ያስፈራዋል» የሚሉም አሉ። ያስፈራዋልን? በ1906 በኬሊ ታሪክ የተሠራው ፊልም የዓለም የመጀመሪያው ሙሉ ርዝመት ፊልም ተብሎ በ2007 በዩኔስኮ የዓለም ትውስታ መዝገብ ገብቷል። በ2000 የሲድኒ ኦሊምፒክ መክፈቻ ላይ የኬሊ ምስሎች በዓለም ፊት ጨፍረዋል። ጥሩሩና ደብዳቤው የሚገኙት በቪክቶሪያ ግዛት ቤተ መጻሕፍት ነው፤ የዚያ ቤተ መጻሕፍት መሥራች ሬድሞንድ ባሪ ሲሆን ሐውልቱም ደጃፉ ላይ ቆሟል። ሰቃዩና ተሰቃዩ በአንድ ግቢ ጎብኚ ይቀበላሉ። መንግሥት የሞተ ሽፍታ አያስፈራውም፤ ቲኬት ይሸጥበታል። የሚያስፈራው የተደራጀ ጥያቄ፣ የተመዘገበ ምስክርነት፣ የማይደክም ዜጋ ነው።

ለዚህም ማስረጃው ከዚያው ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ፖሊሱን ያጋለጠው የስትሪንጊባርክ ጥይት አልነበረም። በ1881 የተቋቋመው ንጉሣዊ አጣሪ ኮሚሽን ምስክሮችን ጠርቶ፣ ቃላቸውን መዝግቦ፣ የአዛዦቹን ስንፍናና ሽኩቻ አደባባይ አወጣ፤ ከፍተኛ መኮንኖችም ከሥራ ተሰናበቱ። ሽፍቶቹ ባይነሡ ኮሚሽኑ ይቋቋም ነበርን የሚል ይኖራል። ምናልባት ይዘገይ ነበር። ነገር ግን ለአንድ ኮሚሽን ሦስት ሬሳ በጫካ፣ አንድ በደጃፍ፣ አንድ ብላቴናና አንድ ሽማግሌ በእሳት መካከል መክፈል ግድ ነው የሚለኝ ሰው፣ ከሬሳዎቹ አንዱ የእርሱ ወገን ቢሆን ይህንኑ ይልን እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ።

የኬሊ ቤት አንድ ሌላ ልጅም ነበረው። ጂም ኬሊ ይባላል። እርሱም ወጣት ሳለ ታስሯል፤ ያው ፖሊስ፣ ያው ድህነት፣ ያው ውርደት ደርሶበታል፤ ሁለት ወንድሞቹን በአንድ ዓመት አጥቷል። ለመሸፈት ከኔድ ያነሰ ምክንያት አልነበረውም። አልሸፈተም። ግሬታ ላይ እርሻውን እያረሰ እናቱን እስከ ዕለተ ሞቷ እስከ 1923 ጦረ፤ የሞተችውን እኅቱን የኬትን ልጆች አምጥቶ እናቱ እንድታሳድጋቸው አደረገ፤ በ1946 በሽምግልና ዐረፈ። ስለ ጂም ኬሊ ማንም ፊልም አልሠራም። ጥሩር አልለበሰምና ለሠዓሊም አይመችም።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። እያደር የሚጠራው ግን አንድ ሰው ተነሥቶ መስኮቱን ሲከፍት ነው። በደልን የምንጠላ ከሆነ በደለኛው ባለ ዩኒፎርም ሲሆን ብቻ አንጥላ። ለኔድ ኬሊ እናት የምናዝን ከሆነ ለሎኒጋንና ለኬኔዲ ሚስቶች፣ ለአን ጆንስም እንዘን። ይህን ማድረግ ካልቻልን ሕጉ በ1878 በአራት ሰዎች ላይ ያወጀውን የደመ ከልብነት አዋጅ እኛ ዛሬ በሌሎች ሰዎች ላይ እያደስነው ነው።